ዐሥራ ሰባት ጭረት

ሸራ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ከገበያው ኋላ፤
መርፌዬ ወፍራም ነው፣ ክሬ ሰም የበላ፤
የጭነት መኪና ልብስ፣ የዳስ ጣሪያ ጥላ።

አንድ ጠዋት አንድ ልጅ፣ ከአዘዞ የመጣ፣
ጥቅል ድንኳን ጥሎ፣ «ቁረጠው፣ ጆንያ ይውጣ»
አለኝ። ዘረጋሁት። ሽታው ቀድሞ ወጣ፦
ናፍጣ፣ የክረምት ጭቃ፣ የቆየ ላብ ሽታ።
መቀሴ እምቢ አለች፣ ቀረች ተዘርግታ።
ጠርዙ ላይ የናስ ዐይን፣ እጥፉ በየተርታ፤
ያን የሰፋው ባለ እጅ ሥራውን አልዋሸም፤
እኔም እጅ ነሣሁት፣ ፈጽሞ አልቆረጥሁም።

ከዚያ ወዲያ ያዘኝ። በየቅዳሜው ገበያ
ከቆራሌው ጆንያ፣ ከብረታ ብረት ጉያ
እለቅማለሁ፦ ዝናር፣ ቆዳው እንደ ቋንጣ፤
ጣልያን የጣለው ሳህን፣ ክዳኑ የታጣ፤
ጓደኛው የጠፋበት አንድ ከስክስ ጫማ፤
ብል የበላው ካፖርት፣ በኪሱ ግማሽ ሻማ፤
ሰሜኑን የረሳ፣ «ደባርቅ ወዴት ነው?»
ሲሉት የሚያመነታ ኮምፓስም አለኝ፣ ያው።

ጠመንጃ አይገባም። ሚስቴም ይህን ታውቃለች፤
ቢሆንም «የሙት ዕቃ» ብላ ታማርራለች፤
ሳሎኑን ነፍጋኝ የጓሮ ቆርቆሮ ሰጠች።

ሁሉም ስም ይኑረው ብዬ፣ ካርቶን ቀድጄ ጻፍሁ፤
ያላወቅሁትን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከራሴ ጨመርሁ።

ከሁሉ የምወደው አንድ ኮዳ ነበር፤
ጨርቁ ተቀዳዶ፣ ከጎኑ በምስማር
ሰው የጫረው ነገር፦
ዐሥራ ሰባት ጭረት፣ ወደ ግራ ያዘመመ።
እንግዳ ሲመጣ ድምፄን አከብድና
«ዐሥራ ሰባት ውጊያ ነው፤ ሰውዬው ጀግና!»
ካርቶኑም ይህንኑ ይላል በደማቁ ፊደል ቀና።
ተማሪዎች ፎቶ አነሡት። አንድ መምህር አለቀሰ።

በኅዳር፣ ለአውድማ የሚሆን ሸራ
ልታሰፋ መጣች ሽታዬ፣ ከቆላድባ። ዋጋ ተከራክራ፣
እኔን ረትታ፣ ቀና ስትል ወደ ጣራ
ኮዳውን አየችው።
አልጮኸችም። «አውርድልኝ» አለች።
በአውራ ጣቷ ጫፍ ጭረቱን ቆጠረችው፣
ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሳቀች፤
ሣቋም አላለቀ፣ መንገድ ላይ ተወችው።

«ግራኝ ነበር» አለች፣ «ጫቅሉ፣ ታላቄ።
አዘዞ፣ ካምፑ በር ላይ፣ አንዲት ባለ ሻይ
በዱቤ ታጠጣለች ደመወዝ እስኪወጣ፤
ሒሳቧን አላምን ብሎ ኮዳው ላይ ጫረ፦
አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ጭረት።
በደብዳቤ ጻፈልን፦ ‹ዐሥራ ሰባት ደርሷል፤ ብቀር ክፈሉልኝ።›
ብሩን ቋጥሬ ወረድሁ፣ በዓመቱ።
በሩ አለ። ሴትዮዋ የለችም።
ከሰሏ ያጠቆረው ድንጋይ ብቻ አለ።»

«ውሰጂው» አልኋት። እጄ ግን አልላላም።
አየችብኝ መሰል፤ «ተወው፣» አለች፣ «ኮዳ አላጣሁም።
ይኸ ካርቶን ግን ዋሽቷል። ወንድሜ የገባው
አንድ ውጊያ ነው። እሱንም አልጨረሰም።»

የሸራውን ዋጋ «ይቅር» ብላት እምቢ አለች፤
«ዱቤ ለቤታችን አይሆንም» ብላ ከፈለች፤
ሸክሟን አስተካክላ ቁልቁል ወረደች።

ማታ ካርቶኑን ገልብጬ ጻፍሁ፦
«ዐሥራ ሰባት ሻይ። ያልተከፈለ።»
ሌሊት ግን ያባንነኛል፦ ግራኝ ሁሉ ጫቅሉ ነው ወይ?
ስንት ሰው ጫረ፣ ስንት ሰው ዱቤ አለው፣
ስንቱ ኮዳ ቀልጦ ድስት ሆነ?

መምህሩ ተመልሶ መጣ፣ አዲስ ተማሪ አስከትሎ።
አነበበው። መነጽሩን ጠረገ። ዝም አለ።
ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ፦
«ስኳር ነበረው?» አለኝ።
«አላውቅም» አልሁት።
ይህንንስ ልጠይቃት ይገባኝ ነበረ።